ግድግዳውን ለጥር ተዪው፣ አሁን የውኃውን መንገድ አበጂ

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ። ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። የእናትሽ ቤት ኮተቤ ነው። ከተሠራ 20 ዓመት አልፎታል። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ግቢው ሲሚንቶ ነው። የሳሎኑ ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ እየተላጠ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ከመስኮቱ ጥግ የጀመረ ስንጥቅ ወደ ታች ወርዷል። የግቢው ሲሚንቶ ደግሞ ወደ ቤቱ ዘሟል። ያየው ሠራተኛ "ከታች አንድ ሜትር የአምቦ ድንጋይ እንለጥፍበትና ይሸፈናል፣ ሰኔ ሳይገባ እጨርስልሻለሁ" ብሎሻል። ላሠራው ወይ ነው ያልሽው።

አታሠሪው። ገንዘብሽን ያዢ። ሚያዝያ እያለቀ ነው። የቀረሽ ጊዜ ለግድግዳ አይበቃም፤ ለውኃው ግን በደንብ ይበቃል። ይህን የምልሽ በኔው ቤት ስለደረሰ ነው።

እኔ ሰሚት አካባቢ ነው የምኖረው። ቤቱ የገባነው በ2000 ዓ.ም. ነው። አራት ዓመት ሙሉ በየጳጉሜው ያንኑ አንድ ግድግዳ እናስፍቃለን፣ ስቱኮ እናስመታለን፣ ቀለም እናስቀባለን። ለእንቁጣጣሽ ያምራል። ጥቅምት ላይ ማበጥ ይጀምራል። ኅዳር ላይ ወለሉ ላይ ይረግፋል። ቀለሙን ለወጥን፣ ሠራተኛውን ለወጥን፣ ለውጥ የለም። በአምስተኛው ዓመት አጥር ሊጠግኑ የመጡ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። ቡና ጠጥተው ሲወጡ ግድግዳውን አሳየኋቸው። እሳቸው ግድግዳውን ብዙም አላዩትም። ወደ ውጭ ዞረው ሄዱና ከግድግዳው ሥር ካለው የአበባ መደብ ላይ አፈር ዘገኑ። "ይሄ አፈር እኮ ከወለላችሁ በላይ ነው" አሉኝ። ለካነው። አንድ ስንዝር ይበልጣል። በየምሽቱ ጽጌረዳውን ውኃ ስናጠጣ ግድግዳውን እያጠጣን ኖረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎኬት፣ ልስን፣ ማልታ (ድንጋይና ብሎኬት የሚያያዝበት የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ)፣ ሁሉም በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ቀዳዳ አላቸው። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ግድግዳም ውኃን ከመሬት ይስባል። ውኃው ሲወጣ ከአፈሩና ከሲሚንቶው ጨው አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። የግድግዳው ፊት ሲደርስ ውኃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ያ ነጭ ዱቄት እሱ ነው። ጨው ከቀለሙ ጀርባ ሲደርቅ እየጠጠረ ስለሚሄድ ቀለሙንም ልስኑንም ገፍቶ ያስነሳቸዋል። ስለዚህ ዱቄቱ ራሱ በሽታው አይደለም። ውኃ እየገባ መሆኑን የሚነግርሽ ምልክት ነው።

አሁን የአምቦ ድንጋዩን አስቢው። ድንጋዩና ከኋላው ያለው ሲሚንቶ ውኃው የሚተንበትን ፊት ይዘጉበታል። ውኃው መምጣቱን አያቆምም፤ መውጫ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ጎረቤታችን ይህንኑ አሠርተው ነበር። በሁለተኛው ክረምት ከድንጋዩ በላይ አዲስ ነጭ መስመር ወጣ። ቀጥሎ ድንጋዩ አንድ በአንድ መርገፍ ጀመረ። የወጣው ገንዘብ አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል። ሴራሚክም፣ ዘይት ቀለምም፣ "ዋተር ፕሩፍ ነው" ተብሎ ከውስጥ በኩል የሚቀባውም እርጥብ ግድግዳ ላይ ከተሠራ መጨረሻው ያው ነው።

መጀመሪያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ እወቂ። ሁለት ቀላል ፈተና አለ። አንደኛው በፌስታል ነው። የጉልበትሽ ቁመት ላይ ግድግዳውን በደረቁ ጥረጊና የፌስታል ቁራጭ በአራቱም ጎን በፕላስተር አሽገሽ ለጥፊ። ሁለት ሦስት ቀን ቆይተሽ እዪው። ጠብታው ግድግዳውን በሚነካው ፊት ከሆነ ውኃው ከግድግዳው ነው። ሳሎኑን በሚያየው ፊት ከሆነ ግን ከቤቱ አየር ነው፤ መስኮት መክፈት ብቻ ብዙ ይፈውሳል። ሁለተኛው በቆጣሪ ነው። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጊ፣ ታንከር ካላችሁ የሱንም መግቢያ ዝጊ። የቆጣሪውን ቁጥር በስልክሽ አንሺው። ጠዋት ማንም ውኃ ሳይነካ ድጋሚ እዪው። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ላይ ውኃ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ግንበኛ ሳይሆን የቧንቧ ሠራተኛ ነው የምትጠሪው።

ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ ወደ ውጭ ውጪ። ከቤቱ ጋር የተደገፈ አፈር ሁሉ ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። 20 ቢሆን ይሻላል። አበባውን አንስተሽ ወደ አጥሩ አዙሪው። እናትሽ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ባለቤቴም መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። ግን ከአጥሩ ሥር እንዲያውም የተሻለ ፀሐይ አገኘ። የተከመረ አሸዋ፣ የተረፈ ብሎኬት፣ እንጨትም ካለ ከግድግዳው ሥር ይነሣ። ስትቆፍሪ ግን የመሠረቱ ድንጋይ ሥር እስኪታይ አትውረጂ። ትርፉን አፈር ማንሣት ብቻ ነው የሚፈለገው።

ቀጥሎ አሸንዳው። ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይሽ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። የቤታችሁ ጣሪያ 120 ካሬ ነው እንበል። በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,600 ሊትር ነው። 18 በርሜል ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ዝናብ ታውቀዋለች። ያ ሁሉ ውኃ አንድ ቱቦ አፍ ላይ ተሰብስቦ ከመሠረቱ ጥግ ከተለቀቀ የትኛውም ግድግዳ አይችለውም። ስለዚህ ቅጠሉን አስጠርጊ። ከዚያ ሰው ጣሪያ ላይ አውጥተሽ በባልዲ ውኃ አስፈሺና ከታች ቆመሽ እዪ። የት ይንጠባጠባል? መገጣጠሚያው ላይ ነው? ቱቦው የት ነው የሚተፋው? ከቤቱ አርቀሽ ወደ ዲች (ወደ ውኃ መውረጃው ቦይ) እንዲወስደው አስረዝሚው። ዲቹም ራሱ ደለል ሞልቶት ከሆነ አስጠርጊው፤ ካለበለዚያ ውኃው ተመልሶ ወደ ግቢ ይገባል።

አሁን ወደ ግቢው ሲሚንቶ። ወደ ቤቱ የዘመመው ለምን መሰለሽ? መሠረት ሲሠራ ዙሪያው ይቆፈራል። ተመልሶ ሲሞላ በደንብ አይጠቀጠቅም። አፈሩ በጊዜ ብዛት ይወርዳል፣ ሲሚንቶውም አብሮ ይወርዳል። እንግዲህ በየዝናቡ የግቢው ውኃ ወደ ግድግዳው ይሄዳል ማለት ነው። ብዙ ሠራተኞች "ከላዩ ስስ ሊሾ እናልብሰው" ይላሉ። አሮጌ ሲሚንቶ ላይ የፈሰሰ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሊሾ አይያያዝም፤ በፀሐይ ተሰንጥቆ እንደ ቂጣ ይነሣል። የሚሻለው በቤቱ ዳር የአንድ ሜትር ስፋት ያለውን ብቻ ማፍረስ ነው። ከሥሩ ያለው ልል አፈር ይውጣ። ገረጋንቲ (ለመሙያ የሚሆን ጠጠራም አፈር) በስስ በስሱ እየተደረገ፣ ውኃ እየተረጨ ይጠቅጠቅ። ከዚያ ድንጋይ ይነጠፍና 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ይፍሰስ። ከቤቱ ወደ ውጭ በአንድ ሜትር ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። በውኃ ልክ እያዪ አሠሪው፣ በዓይን ግምት አይሆንም። ሲሚንቶውና ግድግዳው በሚገናኙበት መስመር ላይ ደግሞ የሚለጠጥ ማሸጊያ አስደርጊ። ሲሚንቶ ብትሞዪበት በመጀመሪያው በጋ ይከፈታል።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። ኮንክሪቱ ከተፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን መድረቅ የለበትም። እኛ አገር በብዛት የምንጠቀምበት ፒፒሲ የሚባለው ድብልቅ ሲሚንቶ ጉልበቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያገኘው። የሚያዝያና የግንቦት ፀሐይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ጠዋት አንዴ ረጭቶ መሄድ ማጠጣት አይባልም። ጆንያ አልብሺውና ጆንያው ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። ይህን ሠራተኛው አያደርግልሽም። እሱ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። አንቺ ወይም የቤት ሰው ነው የሚያደርገው።

የመሠረቱ ድንጋይ መሃል ያለው ማልታ ጣት ሲነካው የሚረግፍ ከሆነ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በመሮ ተቦርቡሮ፣ ታጥቦ፣ እርጥብ እያለ እንደገና ይሞላ። ይህ ከክረምት በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። የድሮ ሰፈር ውስጥ በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ የድንጋይ ቤት ያላችሁ ግን በጠንካራ ሲሚንቶ አትድፈኑት። ድንጋዩ የያዘው እርጥበት መውጫ ያጣና ድንጋዩ ራሱ መላጥ ይጀምራል።

ስንጥቁን በተመለከተ፣ ዛሬ አትድፈኝው፤ እዪው። መሬታችሁ መረሬ ነው ወይስ ቀይ አፈር? በበጋ ግቢው ውስጥ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር አፈር ከሆነ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቤቱም አብሮ ይነሣል፣ ይወርዳል። ሰሚት ያለው የኛ አፈር እንዲህ ነው። የኛ ስንጥቅ መጋቢት ላይ ይከፈታል፣ ነሐሴ ላይ ይገጥማል። እንዲህ ያለውን በሲሚንቶ ብትደፍኚው ከጎኑ ሌላ ይሰነጠቃል። አሁን በእርሳስ የስንጥቁን ሁለት ጫፍ ምልክት አድርጊና ቀኑን ጻፊበት። መሃሉ ላይ ጣት የሚያህል ጀሶ ለጥፊ። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። በየወሩ ፎቶ አንሺ። ስንጥቁ ከ5 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ በውጭም በውስጥም አንድ ቦታ ላይ ከታየ፣ በሩ መግጠም ካቆመ፣ ወይም ኮለኑና ቢሙ (የኮንክሪቱ ቋሚና አግዳሚ) ላይ ከደረሰ መሐንዲስ ጥሪ። ለሳኝ አይደለም፣ መሐንዲስ። 

ለቤቱ የቀረበ ባሕር ዛፍ ካለም ንገሪን። ሥሩ ከመሠረቱ ሥር ውኃውን እየመጠጠ ጥቁሩን አፈር ያደርቀዋል። ግን ትልቁን ዛፍ በአንዴ አትቁረጪው። ደርቆ የኖረ አፈር ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ያም ቤቱን ያነሣዋል። ይህንንም መሐንዲሱን ጠይቂው።

የበረንዳው ሶሌታ (የኮንክሪቱ ንጣፍ) ጠርዝ ላይ ቡናማ መስመር ካየሽ ፌሮው (ውስጡ ያለው ብረት) መዛግ ሳይጀምር አይቀርም። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሲሚንቶውን ከውስጥ ይሰብረዋል። ከላይ መለሰን አያድነውም። ልሉ ተነሥቶ፣ ብረቱ እስኪያበራ ተፈግፍጎ፣ ፀረ ዝገት ተቀብቶ ነው የሚጠገነው።

ግድግዳውን መቼ ነው የምነካው ትዪኝ ይሆናል። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያቆም ቤቱን ዙሪያውን ዙሪና ፎቶ አንሺ። የእርጥበቱ ምልክት ትኩስ ስለሚሆን ከየት እንደመጣ ይነግርሻል። ጥቅምት ላይ የተበላሸውን ልስን ከምልክቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ አስነሺ። ብሎኬቱ ራቁቱን ይቆይ። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ጥረጊና ዱቄቱን አፍሺው። በውኃ አትጠቢው፤ ጨው ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። እስከ ታኅሣሥ በየጊዜው ዱቄት ሲያወጣ እየጠረግሽ ተዪው። አያምርም፣ አውቃለሁ። ግን ያ የበጋ ነፋስ በነፃ የሚሠራልሽን ማንም ቀለም አይሠራልሽም።

ጥር ላይ ይለሰን። አሸዋውን ፈትኚ፤ ግማሽ ሃይላንድ አሸዋ ላይ ውኃ ሙይና በደንብ ነቅንቀሽ አስቀምጪው። ከላዩ ወፍራም ጭቃ ከተኛ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ በቂ ነው። ብሎኬቱ ከመለሰኑ በፊት ውኃ ይረጭበት፤ አለዚያ የልስኑን ውኃ መጥጦ ልስኑ ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ ይጮኻል። ልስኑም እንደ ኮንክሪቱ አንድ ሳምንት ይጠጣ። ቀለሙን የካቲት መጨረሻ ላይ አስቀቢ፣ ውኃ ቀለም ይሁን። የታችኛው ክፍል ላይ ስቱኮ ባይመታ እመርጣለሁ።

ዘንድሮ ክረምቱን ከነምልክቱ ታሳልፉታላችሁ። እናትሽን ከአሁኑ አስረጃቸው፤ እንግዳ ሲመጣ ያፍሩ ይሆናል። ሶፋውን ግን ለመሸፈን ብላችሁ ግድግዳው ላይ አታስጠጉት። አንድ ስንዝር ራቅ አድርጉት፣ አየር ይለፍ። የዛሬ ማታውን የቆጣሪ ቁጥርና የነገ ጠዋቱን እዚሁ ጻፊልኝ፤ ከዚያ ተነሥተን እንነጋገራለን።