ጥያቄና መልስ፦ አጣማሪ ካቆመችስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ባድሚንተን በጥንድ የሚጫወቱት፣ አጣማሪያቸው ካቆመ የነሱም ነገር አበቃ ማለት ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አያበቃም! የኢንዶኔዥያዋን ግሬሲያ ፖሊን ተመልከት፣ በፈረንጆቹ 2012 ለንደን ኦሎምፒክ ላይ ሆን ብላችሁ ለመሸነፍ ተጫወታችሁ ተብለው ከተባረሩት 8 ተጫዋቾች አንዷ እሷ ነበረች፣ በኋላ ደግሞ ሌላዋ አጣማሪዋ ተጎዳችባትና ልተወው እስከማለት ደርሳ ነበር። ከዛ ከ10 አመት በላይ ከምታንሳት አፕሪያኒ ራሃዩ ጋር ተጣመረች፣ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ፋይናሉን ቻይናዎቹን 21 ለ19 እና 21 ለ15 ረትተው ወርቅ! በዛ ላይ መሃል ላይ የፖሊ ራኬት ክር ተበጥሶ ጨዋታው ሳይቆም ሮጣ ሌላ ይዛ ተመለሰች፣ ያኔ ብቻዋን የተከላከለችው ትንሿ ናት እኮ። ፖሊ በ2022 በቃኝ አለች፣ አፕሪያኒም ወዲያው ሌላ አጣማሪ ይዛ ቀጠለች።