የጃፓኑ ጦረኛ ለምን አይፎክርም?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከውጭ አገር ያመጣልኝን የጃፓን ሥዕል ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። ከክፈፉ ጀርባ «የቺኩቡሺማ ጨረቃ፣ ጹኔማሳ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጦረኛ ነው ቢባልም ሰውየው ሐይቅ ዳር ተቀምጦ የክር መሣሪያ ይመታል። እኛ የምናውቀው ጦረኛ ጦሩን ሰብቆ ሲጋልብ ወይም ሲያቅራራ ነው። ይህስ ምን ሆኖ ነው? ሥዕሉስ በእጅ የተሳለ ነውን? (ከደሴ)

መልስ፦ ጹኔማሳ በእርግጥም ጦረኛ ነበር። በ12ኛው መቶ ዘመን ጃፓንን እንዳሻው ያዝዝ ከነበረው ከታይራ ቤት የተወለደ ሲሆን፣ ቢዋ በሚባለው ባለአራት ክር መሣሪያ የተካነ ነበር። እ.አ.አ. በ1183 ጦሩ ወደ ሰሜን ሲዘምት በቢዋ ሐይቅ አጠገብ አለፈ፤ እርሱም ጥቂት ሰዎች አስከትሎ በትንሽ ጀልባ ወደ ቺኩቡሺማ ደሴት ተሻገረ። በዚያም የሙዚቃ አምላክ ለምትባለው ለቤንዛይተን ቢዋውን ሲመታላት ነጭ ዘንዶ በእጅጌው ላይ ታየ፣ እርሱም ጸሎቴ ተሰማ ብሎ እየተደሰተ ተመለሰ ይባላል። ዘመቻው ግን በሽንፈት አለቀ። ታይራዎች ዋና ከተማውን ለቅቀው ሲሸሹ፣ ጹኔማሳ «ሴይዛን» የተባለውን ዝነኛ ቢዋ በጦርነት እንዳይጠፋ ሰግቶ በልጅነቱ ላደገበት ገዳም አለቃ መለሰ፤ በዓመቱም ኢቺ ኖ ታኒ በተባለ ስፍራ በተደረገ ውጊያ ላይ ተገደለ።

የሥዕሉ የመጀመሪያ ገዢዎች ይህን ታሪክ ያውቁት ስለነበር ሠዓሊው ሰይፍ ማስመዘዝ አላስፈለገውም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ጎረቤት የሆነ የወሎ ሰውም ቢሆን፣ በገና የሚደረድር ሰው ሲያይ «ለምን አይፎክርም?» ብሎ አይጠይቅም።

ሥዕሉ የተሳለ ሳይሆን የታተመ ነው። ጃፓናዊው ሠዓሊ ዮሺቶሺ (1839–1892) እ.አ.አ. ከ1885 እስከ 1892 ካወጣቸው 100 የጨረቃ ሥዕሎች አንዱ ነው። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ ይነድፋል፤ ጠራቢው ንድፉን በቼሪ እንጨት ጣውላ ላይ ለጥፎ ይቀርጻል፤ ለየቀለሙም ሌላ ጣውላ ያዘጋጃል። አታሚው ከእንጆሪ ዛፍ ልጥ የተሠራውን ወረቀት አርጥቦ በጣውላው ላይ ያነጥፍና ጀርባውን በክብ ማሻ ይፈትገዋል። ስለዚህ «ዋናው» የሚባለው ራሱ ብዙ ቅጂ አለው።

የእርስዎን ለመለየት ከክፈፉ አውጥተው ይገልብጡት፤ በእጅ የታተመ ከሆነ ቀለሙ ወደ ጀርባ ዘልቆ ይታያል። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ጥቃቅን ነጠብጣብ ከተደረደረ ግን የማሽን ኅትመት ነው። ሲመልሱት ፀሐይ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ የድሮ ኅትመት ቀለም በብርሃን ቶሎ ይደበዝዛል።