የሻንሲ ቁጥር ምን ይመሰክራል? ስለ አሮጌ የአሜሪካ መስል ካሮች ሰባት ጥያቄዎች

በዚህ ዙር የመለስናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከ1965 እስከ 1970 ሞዴል ያሉ መስል ካሮችን፣ ማለትም ትልቅ ሞተር የተገጠመላቸውን ፈጣን መኪናዎች፣ የሚመለከቱ ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በኮድ ውስጥ ያሉትን የላቲን ፊደሎች እንደ ድምፃቸው ጽፈናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የ1969 ካማሮ አግኝቻለሁ። ባለቤቱ «ኦሪጅናል ዚ28 ነው» ይላል። ማስረጃ ስጠይቀው በ124379ኤን የሚጀምር የሻንሲ ቁጥር አሳየኝ። ይበቃል?

አይበቃም። 1 ሼቭሮሌ፣ 24 ባለ ስምንት ሲሊንደር ካማሮ፣ 37 ጣሪያው የማይከፈት ባለ ሁለት በር፣ 9 የ1969 ሞዴል፣ ኤን ኦሃዮ ያለው የኖርዉድ ፋብሪካ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚለው ነገር የለም። ባለ 307 ሞተር (ቁጥሩ የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው) ተራ ካማሮም በእነዚሁ ቁጥሮች ይጀምራል፤ ዚ28 ገዢው ሲፈልግ የሚያዝዘው ጥቅል እንጂ የራሱ ቁጥር ያለው ሞዴል አልነበረም። ቁጥሩ የሚረዳዎት ውሸቱን ለማወቅ ነው። ከ24 ይልቅ 23 ካለ መኪናው ሲወለድ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር፤ ከ37 ይልቅ 67 ካለ ደግሞ ጣሪያው የሚከፈት ነው፣ በ1969 ለገበያ የቀረበ ጣሪያ ከፋች ዚ28 ደግሞ አልነበረም። በሁለቱም ሁኔታ ወሬው እዚያው ያበቃል።

ቀጥለው ሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ በሾፌሩ በኩል ግድግዳው ላይ የተመታችውን ትንሽ ሳህን ያንብቡ። ኖርዉድ ከ1968 ዲሴምበር ገደማ ጀምሮ በዚህች ሳህን ላይ የኤክስ ኮድ ይመታ ነበር። ኤክስ33 እና ኤክስ77 ዚ28 ናቸው፤ ልዩነታቸው ኤክስ33 የውጪ ጌጥ ጥቅሉም ያለው መሆኑ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኤክስ11 ነው። ሻጮች «ኤስኤስ ማለት ነው» ይላሉ (ሱፐር ስፖርት፣ የሼቭሮሌ የፍጥነት ጥቅል)፤ ነገር ግን ጌጡ ብቻ የታዘዘለት ተራ ቪ8ም ኤክስ11 ይመታለታል። ሎስ አንጀለስ የተሠራው ካማሮ (በኤን ፋንታ ኤል ያለው) የኤክስ ኮድ ጭራሽ የለውም፤ ስለዚህ ኮድ አለመኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ሳህኗ አዲስ ተሠርታ ትሸጣለችና፣ ኤክስ33 ስላነበቡ ብቻ ቼክ አይጻፉ።

ከዚያ ከሥር ይግቡ። እውነተኛ ዚ28 ባለ አራት ማርሽ የመንሲ ካምቢዮ፣ ሽፋኑ 12 ብሎን ያለው የኋላ ዲፍረንሻል፣ ከአንድ በላይ ቅጠል ያለው ባላስትራና ኃይል የተጨመረለት የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። በፋብሪካ ኤሲ የተገጠመለት ዚ28 የለም፤ የኤሲ ቀዳዳ ተደፍኖ ካዩ ጥያቄው ተመልሷል። የካምቢዮው ቀፎ ላይ እንደ ፒ9ኤ15ቢ ያለ ምት ይፈልጉ፤ የ1969 ሞዴል፣ ጃንዋሪ 15፣ ኤም21 የተባለው የመንሲ ዓይነት ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳያዩ አይሂዱ። በዚህ ካማሮ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ክፋይ በሁለት የተደበቁ ቦታዎች ተመትቷል፤ አንዱ የማሞቂያው ሞተር ከተገጠመበት ጀርባ፣ ሌላው ከፊት መስታወቱ በታች ካለው የአየር ማስገቢያ ላሜራ ሥር። ሻጩ ያን ላሜራ ለማንሳት ካልፈቀደ ዋጋውን እንደ ተራ ካማሮ ይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ የአንድ 1969 ዚ28 ሻጭ የሞተሩን ቁጥር ፎቶ ላከልኝ። ቪ0115ዲዜድ ይላል፤ አጠገቡ በ19ኤን5 የሚጀምር ቁጥር አለ። ፊደሎቹ በጣም ጥርት ያሉ ናቸው። ሰው እንደገና መትቶት ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ የዚህ ንግድ ዋናው ማጭበርበሪያም ይኸው ነው። ቪ የፍሊንት ሞተር ፋብሪካ፣ 0115 ሞተሩ የተገጣጠመበት ጃንዋሪ 15፣ ዲዜድ የዚ28ቱ 302 ነው። ሁለተኛው ቁጥር የመኪናው ነው፤ ሞተሩ ወደ መኪና ፋብሪካ ከደረሰ በኋላ የሚመታ።

ሞኖብሎኩ ላይ፣ ከቀኝ ቴስታታው ፊት ያለችውን ጠፍጣፋ ቦታ በመፈልቀቂያ ዘይትና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ያጽዱ፤ የሽቦ ብሩሽና የአሸዋ ወረቀት አይጠጓትም። ከዚያ መብራት በጎን ያብሩባትና በማጉያ መነጽር ይዩአት። ፋብሪካው ያን ገጽ የሚላጨው ከሞተሩ ፊት ወደ ኋላ በሚሄድ ማሽን ስለሆነ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይቀራሉ። መስመሮቹ ከጠፉ፣ ወደ ጎን ከዞሩ ወይም ክብ ክብ ከሠሩ ገጹ ተላጭቷል ወይም ተፍቋል። መላጨቱ ሁልጊዜ ክፋት አይደለም፤ ሞተር ሲታደስ የሞኖብሎክ ፊት ማስተካከል የተለመደ ነው። ግን ገጹ ተላጭቶ ቁጥሩ ካለ፣ ያ ቁጥር ከመላጨቱ በኋላ የተመታ ነው።

ሁለቱ ምቶች የተመቱት በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ መሣሪያና እጅ ነው። የፊደላቸው ቅርጽና ጥልቀት አንድ ዓይነት ከሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከዚያ ቀኖቹን ያሰልፉ። ሞኖብሎኩ ከኋላ፣ ካምቢዮው ከሚታሰርበት ጠርዝ ላይ፣ ብረቱ የፈሰሰበት ቀን አብሮ ወጥቷል። ኤ 8 9 ማለት ጃንዋሪ 8፣ 1969 ነው፤ ወሩ በፊደል ይቆጠራል፣ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሯሪ እያለ። ብረቱ መጀመሪያ ይፈስሳል፣ ከቀናት ወይም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞተሩ ይገጣጠማል፣ መኪናው መጨረሻ ይሠራል። በግድግዳው ሳህን ላይ 01ዲ ካለ አካሉ የተሠራው በጃንዋሪ አራተኛ ሳምንት ነው፤ ከሞተሩ ጋር ይገጥማል። 01ኤ ካለ ግን አካሉ ከሞተሩ ቀደመ ማለት ነውና ጉዳዩ አለቀለት። ካርቡሬተሩንም አይርሱ። የዚህ ሞተር ሆሊ ካርቡሬተር 4053 የሚል የዝርዝር ቁጥር አለው፤ ከሥሩ ሦስት አኃዝ ይከተላል። 911 ከሆነ 1969፣ ጃንዋሪ፣ አንደኛ ሳምንት። አጭበርባሪ አንድ ምት ማስመሰል አይከብደውም፤ ስድስትና ሰባት ቀኖችን በቅደም ተከተል ማግኘት ግን ገንዘብም ትዕግሥትም ይጠይቀዋል።

በነገራችን ላይ ምቱ ሲኢ ብሎ ከጀመረ ሞተሩ በዋስትና ጊዜ በፋብሪካው የተተካ ነው። ነውር የለበትም፤ ዋጋው ግን እንደ መጀመሪያው ሞተር አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ የ1965 ፖንቲያክ ጂቲኦ ልገዛ ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩ በ237 ይጀምራል። ጂቲኦ በ242 መጀመር አለበት ብለው አስፈራሩኝ።

የነገሩዎት ሰው የ1966ቱን ነው የሚያውቀው። ጂቲኦ በ1964 እና በ1965 ለማንስ የተባለው የፖንቲያክ ሞዴል ተጨማሪ ጥቅል ስለነበር የለማንስን ቁጥር ይይዛል። 242 የመጣው ጂቲኦ ራሱን የቻለ ሞዴል ሲሆን፣ በ1966 ነው። ስለዚህ ቁጥርዎ ትክክል ነው፤ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ ተራ ለማንስም 237 ነውና። ደግነቱ የፖንቲያክ የፋብሪካ ደረሰኞች ከ1961 ጀምሮ ተጠብቀዋል፤ ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ በሻንሲ ቁጥር ፈልጎ ቅጂውን በክፍያ ይልካል። ሻጩ አስቀድሞ ያወጣውን ቅጂ ቢያሳይዎትም የራስዎን ይዘዙ።

ጥያቄ፦ የ1969 ሙስታንግ፣ 9ኤፍ02አር... ኮብራ ጄት ነው?

አዎ፣ ቁጥሩ የእውነት ከሆነ። ፎርድ የሞተሩን ኮድ በአምስተኛው ቦታ ያስገባል፤ በዚህ ዓመት አር ማለት ራም ኤር (ከኮፈኑ ቀዝቃዛ አየር የሚስብ መሣሪያ) ያለው 428 ኮብራ ጄት፣ ኪው ማለት ራም ኤር የሌለው ነው። ዜድ ቦስ 429 ነው፤ ጂ ደግሞ ቦስ 302። በክሩስኮቱ ላይ ያለውን ቁጥር በሁለቱም ወገን ከፊት ፓራፋንጎዎቹ ሥር ከተመቱት ጋር ያስተያዩ፤ ፓራፋንጎውን በትንሹ ማላላት ሊያስፈልግ ይችላል። ከ1967 ወዲህ ላለ ፎርድ ማርቲ ሪፖርት ማዘዝ ግዴታ ነው እንላለን። ከፎርድ የራሱ መዝገብ የተወሰደ ስለሆነ ቀለሙን፣ ካምቢዮውንና የዲፍረንሻሉን ጥርስ ምጣኔ ይነግርዎታል። የአሁኑ ሞተር የመጀመሪያው መሆኑን ግን አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ የ1970 ሄሚ ኩዳ (ሄሚ ሞተር ያለው የክራይስለር ፕሊማውዝ ባራኩዳ)። የሻንሲ ቁጥሩም የፓራፋንጎው ሳህንም ይገጥማሉ። ምን ይቀራል?

ትልቁ ይቀራል። ክራይስለርም የሞተሩን ኮድ በአምስተኛው ቦታ ያስቀምጣልና ቢኤስ23አር0ቢ ሲሉ አር 426 ሄሚ ነው። ሳህኑ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው፤ የታችኛው መስመር ኢ74 ብሎ መጀመር አለበት። እዚህ ግን የሚያሰጋው የውሸት ቁጥር አይደለም፣ የእውነት ቁጥር በሌላ አካል ላይ መሆኑ ነው። በ1970 የተሠሩት ጣሪያቸው የማይከፈት ሄሚ ኩዳዎች 652፣ የሚከፈቱት 14 ብቻ ናቸው። ዝገት የጨረሰው አንዱ ሳህኖቹን ለጤነኛ ባራኩዳ አካል ሊያወርስ ይችላል። ስለዚህ በራዲያተሩ ማቀፊያ ላሜራ ላይና ከፊት መስታወቱ በታች ባለው አካል ላይ የተመታውን የሻንሲ ክፋይ ይፈልጉ፤ ዙሪያው ላይ ብየዳ ወይም ስቱኮ ካለ ቆም ይበሉ። የፋብሪካው የሥራ ወረቀት ብዙ ጊዜ ከኋላ መቀመጫው ስፕሪንግ ውስጥ ይገኛል። እየተፈረፈረም ቢሆን ከሚያብረቀርቅ ሳህን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ወረቀት የሌለው የ1970 ሼቬል ኤስኤስ 454፤ በሻንሲ ቁጥር ማረጋገጥ ይቻላል?

አይቻልም። ከ1966 እስከ 1968 ኤስኤስ 396 በ138 ይጀምር ነበር፤ ከ1969 ጀምሮ ግን ተጨማሪ ጥቅል ሆነ። ክብ ጌጆቹ፣ ኮፈኑ፣ 12 ብሎን ያለው ዲፍረንሻሉ፣ የኋላ ማረጋጊያ ዘንጉ ሁሉ ከሌላ መኪና ተፈትተው የሚገጠሙ ናቸው። ነዳጅ ታንከሩን አውርደው ከላዩ የሥራ ወረቀቱን ይፈልጉ። መኪናው አዲስ ሆኖ የተሸጠው ካናዳ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ የሼቭሮሌ እናት ኩባንያ የጂኤም የካናዳ ቅርንጫፍ መዝገቡ አለው። ሁለቱም ካልተገኙ መኪናውን ከወደዱት ይግዙት፣ ግን በተራ ማሊቡ (ኤስኤስ ባልሆነ ሼቬል) ዋጋ።

ጥያቄ፦ ሻጩ «መኪናው ሲታደስ የክሩስኮቱን ቁጥር ነቅዬ መልሼ ገጥሜዋለሁ» አለኝ። ችግር አለው?

አለው። የሻንሲ ቁጥርን ማንሳት ወይም መቀየር በአሜሪካ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። ለሕጋዊ ጥገና ልዩ ሁኔታ ቢኖርም የየስቴቱ አሠራር ይለያያል፤ መኪናው ቢያዝ ደግሞ የሚከስረው የያዘው ሰው ነው። በጂኤምና በክራይስለር ሳህኑ የሚያዘው አናቱ ስድስት ቅጠል ያለው አበባ በሚመስል ሪቬት ነው። ተራ ክብ ሪቬት፣ የተቧጨረ ጠርዝ ወይም ከሳህኑ ሥር የወጣ ሙጫ ካዩ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት መኪናውን የስቴቱ ፖሊስ ወይም የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት መርማሪ እንዲያየው በሽያጭ ውሉ ላይ ያስጽፉ፤ የምርመራውንም ወጪ ሻጩ ይሸፍን።