«ሊሠራ ይችላል» ወይስ «ሠርቶ ሊሆን ይችላል»?

ጥያቄ፦ ስለ ሕይወት አመጣጥ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ «የፀሐይ ብርሃን የሕይወትን የመጀመሪያ ሞለኪውሎች ሊሠራ ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ደግሞ «ሠርቷል በለው፣ ተረጋግጧል» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ጓደኛዎ አጋኗል። የእርስዎም አባባል ግን ጥርት ያለ አይደለም። «ሊሠራ ይችላል» አንድም «አቅሙ አለው» ነው፣ አንድም «ወደፊት ይሠራ ይሆናል» ነው። እርስዎ የሚያወሩት ካለፈ ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ስለሆነው ነገር ነው።

በቤተ ሙከራ የታየው አቅሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኬሚስቱ ጆን ሰዘርላንድና ባልደረቦቹ እንግሊዝ አገር ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከቀላል ኬሚካሎች ተነሥተው ከአር ኤን ኤ (የዲ ኤን ኤ ዘመድ የሆነ፣ የዘር መረጃ የሚይዝ ሞለኪውል) አራት «ፊደላት»፣ ማለትም የመገንቢያ ክፍሎች፣ ሁለቱን ሠሩ። መጨረሻ ላይ አልትራቫዮሌት (በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለ፣ ዓይን የማያየው ብርቱ ጨረር) ሲያበሩበት የማይፈለጉት ተረፈ ምርቶች ተበላሹ፤ ከተፈለገው ፊደል ደግሞ ከፊሉ ወደ ሁለተኛው ተለወጠ። በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ሞለኪውል ይሰብራል የሚባለው ብርሃን እዚህ ጋ አጣሪ ሆኖ ተገኘ። በ2015 ደግሞ የሰዘርላንድ ቡድን፣ በዚያን ጊዜ ካምብሪጅ ነበር፣ ከሃይድሮጂን ሳያናይድና ከሃይድሮጂን ሰልፋይድ ተነሥቶ፣ በዚያው ብርሃን እየታገዘ የአር ኤን ኤ፣ የፕሮቲንና የቅባት መነሻዎችን አገኘ።

የበራው ግን መብራት ነው እንጂ የጥንቷ ፀሐይ አይደለችም። ስለዚህ ስለ ሙከራው ሲጽፉ «መሥራት ይችላል» ይበሉ፤ ይሄ አቅምን ብቻ ነው የሚናገረው። ስለ ጥንቱ ሲጽፉ «ሠርቶ ሊሆን ይችላል» ይበሉ። እንዲያውም ብርሃን ጉልበት ይሰጣል እንጂ ካርቦንና ናይትሮጂን ስለማያዋጣ፣ «በፀሐይ ብርሃን ጉልበት ተሠርተው ሊሆን ይችላል» ቢሉት ይበልጥ ያምራል።

ያለ «ይችላል» የሚጻፍም አለ። ኦክስጅን በአየር ውስጥ መከማቸት የጀመረው የዛሬ 2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ኦክስጅን ከሌለ ደግሞ አልትራቫዮሌትን የሚያግደው የኦዞን ሽፋን የለም። ስለዚህ «ከዚያ በፊት ብርቱ የአልትራቫዮሌት ጨረር ምድር ላይ ይደርስ ነበር» ብለው አፍዎን ሞልተው ይጻፉ።

«ሳይሠራ አይቀርም» ግን ሌላ ነው፤ እንዲህ የሚል ሰው ወገን ይዟል። ሕይወት የጀመረው ብርሃን በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር፣ ፍል ውሃ ከመሬት በሚወጣበት ቦታ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉና። ወገን መያዝ ነውር የለውም፣ ብቻ ምክንያቱ አብሮ ይምጣ። ለምሳሌ የአር ኤን ኤ ፊደላት የአልትራቫዮሌትን ጉልበት በቅጽበት ወደ ሙቀት ስለሚለውጡት፣ ከብዙ ሞለኪውሎች በተሻለ ይቋቋሙታል። ይህ ባሕርያቸው በዚያ ብርሃን ሥር ተመርጠው የቀሩ ስለሆኑ ነው የሚሉ አሉ። ይህን ካስረዱ በኋላ «ሳይሠራ አይቀርም» ቢሉ አንባቢዎ ከየት እንዳመጡት ያውቃል።