የሮም ኮሜዲ ተራውን ሕዝብ የማረከው ለምንድን ነው?

«የሮም ኮሜዲ ከግሪክ የተቀዳ ከሆነ፣ ተራው ሕዝብ እንዴት ሊወደው ቻለ?» ብለው ለጠየቁት ጥያቄ መልሱ በከፊል ትርኢቱ ከቀረበበት ሁኔታ ይገኛል። ተውኔቶቹ ይታዩ የነበሩት በሃይማኖታዊ በዓላት ላይ ሲሆን፣ ዝግጅቱን ሹማምንት ስለሚመሩት ተመልካቹ የመግቢያ ዋጋ አይጠየቅም ነበር። መድረኩም ከእንጨት ተሠርቶ ከበዓሉ በኋላ ይፈርሳል፤ ሮም ቋሚ የድንጋይ ቴአትር ቤት ያገኘችው የጦር መሪው ፖምፔ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 ዓመት ካስመረቀው ወዲህ ነው። የኮሜዲ ጸሐፊው ፕላውተስ በአንድ ተውኔቱ መክፈቻ ላይ ባሮች የነጻ ሰዎችን መቀመጫ እንዳይዙ፣ ሞግዚቶችም ሕፃናትን እቤት እንዲያቆዩ በቀልድ ማስጠንቀቁ፣ ታዳሚው ምን ያህል የተደባለቀ እንደነበር ያሳያል።

ዋናው መስህብ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ብልጡ ባሪያ ነው። በገሃዱ ዓለም ጅራፍ የሚጠብቀው ይህ ሰው በመድረክ ላይ ስስታሙን ጌታ አታሎ ገንዘቡን ይወስዳል፣ አፍቃሪውን ወጣት ከጭንቅ ያወጣል፤ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ በግሪክ ከተማ የሚፈጸም በመሆኑም ሮማዊው ጌታ በራሱ ላይ እንደተሳቀበት ሳይቆጥር አብሮ ይስቃል። ፕላውተስ በዚህ ላይ በዋሽንት የሚታጀብ ዜማና የቃላት ጨዋታ በብዛት ጨመረበት።

ሆኖም ተመልካቹን ይዞ ማቆየት ቀላል አልነበረም። ራሱ ከባርነት ነጻ የወጣው ሌላው የኮሜዲ ጸሐፊ ቴሬንስ «አማት» የተባለው ተውኔቱ መጀመሪያ በገመድ ላይ ተራማጅና በቡጢ ተፋላሚዎች፣ ቀጥሎም ግላዲያተሮች (ለትርኢት በመሣሪያ የሚፋለሙ ሰዎች) ሊታዩ ነው በሚል ወሬ ምክንያት ተቋርጦበት፣ እስከ መጨረሻው ሊታይለት የቻለው በ3ኛው ሙከራ ነው።