«በኣል» እና «በዓል»፦ የከነዓናውያን ጣዖት ስምና የዓመት በዓላችን

ጥያቄ፦ አንድ ሰባኪ «በዓል የሚለው ቃል በኣል ከተባለው ጣዖት ስም የመጣ ስለሆነ ክርስቲያን ‹እንኳን ለበዓሉ አደረሰዎ› ሊል አይገባውም» ሲሉ ሰማሁ። እውን ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው? አጻጻፋቸውስ እንዴት ነው?

መልስ፦ የዓመት በዓልን የምንጠራበት ቃል ከጣዖቱ ስም አልመጣም። የጣዖቱ ስም የቅርብ ዘመድ ማንም ሳይፈራው በየቀኑ የሚናገረው «ባል» የሚለው ቃል ነው።

በዕብራይስጥ፣ በፊንቄ፣ በኡጋሪትና በግእዝ ቋንቋዎች በ፣ ዐ እና ለ የሚገኙበት ሥር ጌትነትንና ባለቤትነትን ያመለክታል። ግእዝ «በዓለ ቤት» ያለውን አማርኛ ዐይኑን (የ«ዐ»ን ድምፅ) ውጦ «ባለቤት» ብሎታል፤ ባለሙያ፣ ባለሥልጣን፣ ባላገርና ባለጸጋም በዚሁ መንገድ የተገኙ ናቸው። ከነዓናውያንም አምላካቸውን በዚህ ቃል ሲጠሩት «ጌታው» ማለታቸው ነበር፤ የተጸውዖ ስሙ ሐዳድ ሲሆን ማዕረጉ ውሎ አድሮ ስሙን ተክቶታል። በሶርያ ጠረፍ ራስ ሻምራ በሚባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ በተቆፈረችው በጥንታዊቷ የኡጋሪት ከተማ የተገኙት የሸክላ ጽላቶች ይህ አምላክ በደመና ላይ የሚጋልብ፣ ከባሕርና ከሞት ጋር የሚዋጋ፣ ዝናብን ለምድር የሚሰጥ ተደርጎ ይታመን እንደነበር ይተርካሉ። ኤልያስ በአክዓብ ዘመን ድርቅን ማወጁና በቀርሜሎስ ተራራ 450 የበኣል ነቢያትን መገዳደሩ ምን ያህል ከባድ ፈተና እንደነበረ የሚገባን ይህን ስናውቅ ነው፤ ክርክሩ ዝናብ በማን እጅ እንዳለ ነበርና።

እስራኤላውያን ራሳቸው ቃሉን ለረጅም ጊዜ ያለ ነቀፋ ይጠቀሙበት እንደነበር ስሞቻቸው ይመሰክራሉ። ወደ ዳዊት ከመጡት ኃያላን አንዱ ስሙ በዕብራይስጥ «በዓልያ» ሲሆን ትርጓሜው «ያህዌ ጌታ ነው» ማለት ነው። የሳኦል ልጅ ስም በመጽሐፈ ዜና መዋዕል በበኣል የሚያልቅ ሲሆን፣ በመጽሐፈ ሳሙኤል ግን በዚያው ቦታ «ቦሼት»፣ ማለትም «እፍረት»፣ የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ገብቷል፤ የጣዖቱን ስም ላለመጥራት የኋላ ጸሐፊዎች የለወጡት ነው ተብሎ ይታመናል። በሆሴዕ ምዕራፍ 2 ደግሞ እስራኤል እግዚአብሔርን «በኣሌ» ማለቷን ትታ «ባሌ» እንድትለው ተነግሯል። ዕብራይስጡ እዚህ ላይ ለ«ባሌ» የተጠቀመበት «የእኔ ሰው» የሚል ትርጉም ያለው «ኢሺ» ነው፤ አማርኛችን ግን ለትዳር ጓደኛ ያለው ቃል ከዚያው ሥር የበቀለ በመሆኑ የጥቅሱ ልዩነት በእኛ ቋንቋ በድምፅ ብቻ ቀርቷል። ጥቅሱን የሚያስተምሩ ሁሉ ይህን ቢያብራሩ ምእመናንን ከብዙ ግራ መጋባት ያድናሉ።

ወደ ዓመት በዓል ስንመለስ፣ ግእዝ «አብዐለ» የሚል ግስ አለው፤ በዓልን አከበረ ማለት ነው። ስሙም ከዚህ ግስ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። ጣዖቱ ከተመለከበት ምድር ብዙም ያልራቀው ዕብራይስጥ በዓልን «ሐግ» ይለዋል እንጂ በ፣ ዐ እና ለን ለዚህ አይጠቀምባቸውም። ቃሉ ከአምልኮተ ጣዖቱ የተወረሰ ቢሆን ኖሮ በቅድሚያ የምንጠብቀው እዚያ ነበር። «በዓል» ከ«ባለቤት» ጋር በጥንተ ሥሩ ይገናኛል ቢባል እንኳ ግንኙነቱ በጋራው ሥር ይሆናል፤ የጣዖቱ ስም በመካከል የሚገባበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ሰባኪው ያሉት በድምፅ መመሳሰል ላይ ብቻ የቆመ ነው፤ በእንዲህ ያለ ማስረጃም ሕዝብን ከመልካም ምኞቱ መከልከል ተገቢ አይመስለኝም።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ በሥርወ ቃሉ ሕግ የጣዖቱም ስም ዐይን ይገባው ነበር፤ «ብዔል ዜቡል» በሚለው ስም ላይ ዐይኑ ተጠብቆ ይታያል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ብቻውን ሲመጣ «በኣል» ብሎ በአልፋ (በ«አ» ፊደል) ይጽፈዋል። የግእዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከግሪክኛ መሆኑና ግሪክኛም ለዐይን ድምፅ ፊደል የሌለው መሆኑ ከዚህ ልማድ ጋር ይስማማል። ልማዱ በጽሑፍ ሁለቱን ስለሚለይልን ሊጠበቅ ይገባዋል እላለሁ። ዛሬ በብዙ ማስታወቂያዎችና የመልካም ምኞት ካርዶች ላይ የሚታየው «በአል» የሚለው አጻጻፍ ግን የዓመት በዓሉን ለጣዖቱ ስም ስለሚያቀርበው መታረም አለበት።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። «በዓለ» የሚለው ዘርፍ ያዥ (ሌላ ስም ከኋላው የሚያስከትል ቃል) ለበዓል ሲሆን እንዳለ ይጻፋል፤ ወደ «ባለ» አያጥርም። «በዓለ ኀምሳ» መንፈስ ቅዱስ የወረደበት ቀን መታሰቢያ ሲሆን፣ «ባለ ሃምሳ» ቢባል ሃምሳ ብር ያለው ወይም የሃምሳ ብር ዋጋ ያለው ነገር ይሆናል። እንደዚሁም «በዓለ ሲመት» ሹመቱ የሚከበርበት ሥነ ሥርዓት ነው፤ «ባለ ሲመት» ግን ተሿሚው ራሱ ነው።