ስንት ብር ይበቃል ለምትሉኝ ልጆች

ልጆቼ፣

ከሰላሳ ዓመት በላይ እንጀራዬ ማይክሮስኮፕ መጠገን ነው። ምክር ፈልገው ወደ ወርክሾፔ የሚመጡ ወጣቶች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ የራሴን ሥራ ለመጀመር ስንት ብር ይበቃኛል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሥራ ያለ ገንዘብ አይጀመርም። እኔ ግን ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ካርል ዛይስ ነው። ስሙን ካሜራ ሌንስ ላይ፣ መነጽር ላይ አይታችሁታል። ሰውየውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ዛይስ የተወለደው በ1816 ጀርመን፣ ቫይማር ከተማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አባቱ የቶርኖ ባለሙያ ነበር። ልጁ ዬና ከተማ ሄዶ የዩኒቨርሲቲው መካኒክ ዘንድ አራት ዓመት ሙያ ተማረ። ከዚያ ወዲያው ሱቅ አልከፈተም። ሽቱትጋርት፣ ዳርምሽታት፣ ቪየና፣ በርሊን እየዞረ በሌላ ሰው ወርክሾፕ ሠራ። ዬና ላይ የራሱን የከፈተው በኅዳር 1846፣ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ነው። መነሻው ከቤተሰቡ የተበደረው 100 ታለር ነበር። ታለር የእኛ የጠገራ ብር ወገን ነው።

መጀመሪያ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይሠራ ነበር። መነጽር ይሸጣል፣ ሚዛን ይሠራል፣ የዩኒቨርሲቲውን ዕቃ ይጠግናል። ማይክሮስኮፕ ላይ እንዲያተኩር የገፋፋው የዕፅዋት ተመራማሪው ሽላይደን ነው። ምክሩን ሰማ። በጥራት ቀልድ አያውቅም፤ እንደጠበቀው ሆኖ ያላገኘውን ማይክሮስኮፕ ራሱ በመዶሻ ይሰባብረው ነበር ይባላል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የማንኛውም ታታሪ ባለሙያ ታሪክ ነው። እኔን የያዘኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

በ1866 ወርክሾፑ አንድ ሺህኛውን ማይክሮስኮፕ ጨረሰ። ዛይስ ሃምሳ ሊሞላው ነው። ሥራው ተሸልሟል፣ ስሙ ታውቋል፣ ገበያው ደርቷል። ሌላ ሰው ቢሆን «ተመስገን» ብሎ ይቀመጥ ነበር። እሱን ግን አንድ ነገር ይከነክነው ነበር። በዚያ ዘመን ጥሩ ሌንስ የሚገኘው በሙከራ ነው። ሠራተኛው መስታወቱን ይሞርዳል፣ ይገጥማል፣ ያያል፣ አልሆነም ብሎ ሌላ ይቀይራል። አንዱ ግሩም ሆኖ ሲወጣ ለምን ግሩም እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዛይስ ይህ መንገድ ከዚህ በላይ እንደማያስኬደው ገባው። ሌንሱ ገና ሳይሞረድ በስሌት መታወቅ አለበት አለ። ስሌቱን ደግሞ ራሱ አይችለውም። እናም በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምር የ26 ዓመት የፊዚክስ ሰው ጋር ሄደ፤ ኤርንስት አቤ።

አሁን ልብ በሉ። አቤ አሰላ፤ ሠራተኞቹ በስሌቱ መሠረት ሠሩ፤ የወጣው ሌንስ ከድሮው የባሰ ሆነ። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል። አንጋፋዎቹ ሠራተኞች የልጁን ወረቀት በምን ዓይን እንዳዩት መገመት አያቅትም። ዛይስ ግን አላባረረውም። ጠበቀው።

አቤ ጥፋቱን ሲፈልግ ትልቁን ነገር አገኘ። ምስሉ እንዳይዛባ ብሎ ወደ ሌንሱ የሚገባውን የብርሃን ማዕዘን አጥብቦት ነበር። ምስሉ ጥርት አለ፤ ጥቃቅኑ ነገር ግን ጠፋ። ለካስ ጥቃቅኑ የሚታየው ሌንሱ በሰፊው ሲቀበል ነው! በ1872 የወርክሾፑ ሌንሶች በስሌት የሚሠሩ ሆኑ፤ በ1873 አቤ ሐሳቡን አሳተመ። ከ1866 እስከ 1872 ስድስት ዓመት ጠበቀው ማለት ነው። በኋላም ዛይስ ሠራተኛ አድርጎ አላስቀረውም፤ ሸሪክ አደረገው። ከዚያ ኦቶ ሾት የሚባል የመስታወት ኬሚስት ተጨመረና በ1884 የራሳቸውን የመስታወት ፋብሪካ አቆሙ።

ይህን ታሪክ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ቀደም ብዬ ባነበው አንዲት ልጅ አላስከፋም ነበር።

ቆላ አገር አንድ ጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ ጠግኜ አስረከብኩ። ወባ የሚበዛበት አገር ነው። የላብራቶሪዋ ልጅ በሳምንቱ ደወለች። «ጋሼ፣ ጠዋት ይታየኛል፤ ትንሽ ስሠራ ቀለበቷ ትጠፋብኛለች» አለችኝ። ቀለበቷ የምትላት በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለችውን የወባ ተሕዋስ ነው። ፈትሼ ነው ያስረከብኩት። «ደም ሴሉ ይታይሻል?» አልኳት። «አዎ።» «እንግዲያው ዕቃው ደህና ነው፤ ዓይንሽ ደክሞ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ለሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ ጎራ አልኩ። ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩና እንደ እሷ ስላይድ እየቀያየርኩ አየሁ። አምስተኛው ላይ ቀለበቷ ደበዘዘች። ስምንተኛው ላይ የለችም። ደም ሴሎቹ ግን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ስላይዱ የሚልከው ኮንደንሰር በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወርዷል። እኔ ስፈትሽ ወደ ላይ ገፍቼው ስለነበር አልታየኝም። ኮንደንሰሩ ሲወርድ ብርሃኑ ይጠባል፤ ብርሃኑ ሲጠብ ጥቃቅኑ ይጠፋል። አቤ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የደረሰበት ነገር እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ያ ኮንደንሰር እስከ ዛሬ የሚጠራውም በአቤ ስም ነው።

አንዲት ብሎን አጠበቅኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ልጅቷ ግን ለሳምንታት በራሷ ዓይን እምነት አጥታ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት «ወባ የለብህም» ተብሎ የተመለሰ ሕፃን ይኖር ይሆን እያልኩ ዛሬም አስባለሁ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ወዲህ ባለሙያው ግማሽ ቀን ሲሠራበት አጠገቡ ተቀምጬ ሳላይ ማይክሮስኮፕ አላስረክብም።

ስለዚህ ስንት ብር ለምትሉኝ፦ ለጥገና ሥራ ያን ያህል ብዙ አይደለም። ጠረጴዛ፣ ጥሩ ካቻቢቴ፣ ንጹህ ክፍል፣ የተወሰነ መለዋወጫ። ከዚያ ይልቅ ሌላ ሰው ዘንድ ሙያ እየተማራችሁ የምትቆዩበትን ዓመት እንደ ብክነት አትቁጠሩት። ዛይስ የሙያ ልምዱንና ዙሩን ሳይጨርስ አልከፈተም። ሱቃችሁ ሲደራ ደግሞ እናንተ የማትችሉትን የሚችል ልጅ ፈልጉና ቅጠሩ። መጀመሪያ ቢያከስራችሁም ጊዜ ስጡት።

ሠራተኛ ስትቀጥሩ አንድ ነገር አደራ። የአቤ አባት የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በቀን እስከ 16 ሰዓት ይሠራ ነበር። ትንሹ አቤ ምሳ ያመላልስለታል። አባትየው ማሽኑን ተደግፎ ወይም ሳጥን ላይ ቁጢጥ ብሎ በጥድፊያ ጎርሶ ድስቱን ለልጁ ይመልስና ወደ ሥራው ይዞራል። ዛይስ በ1888 ካረፈ በኋላ አቤ በሸሪኩ ስም ፋውንዴሽን አቋቁሞ የራሱን ድርሻ ሰጠ። በ1900 የፋብሪካው የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት ሆነ።

የእኔ ወርክሾፕ ትንሽ ናት። ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ግን ካቻቢቴ የሚያነሳ የለም። ሁላችንም ወንበር ስበን፣ እጃችንን ታጥበን፣ አንድ ትሪ ከበን እንበላለን።